ተመላሽ መንገደኛ

ፓሪስን ለአንድ ሳምንት ለማየት የተነሣ ኢትዮጵያዊ ኤምባሲውን ማሳመን ያለበት ለምን እንደሚሄድ ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደሚመለስም ጭምር ነው። የባንክ ሒሳቡ፣ የሥራ ደብዳቤው፣ የቤት ካርታው፣ የጋብቻ ሰርተፍኬቱ ሳይቀር ተሰልፈው ይመሰክሩለታል። ለሼንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድንም ያስፈልገዋል። ገና ላልገባ ሰው ይህን ያህል ለጤናው መታሰቡ ደግነት ነው።

የቪዛው ክፍያ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ሆኗል። ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ አይመለስም፤ መመለስ የሚጠበቅበት ተጓዡ ብቻ ነው።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት የኢትዮጵያውያንን መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባውንም ቪዛ አስቀረ። ምክንያቱ፣ የአዲስ አበባ መንግሥት በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን መልሶ ለመቀበል በበቂ አልተባበረም የሚል ነበር። እንግዲህ የአይፍል ግንብን አይቶ ሊመለስ የፈለገው ሰው ባልተመለሱት ዕዳ ተያዘ ማለት ነው። የዲፕሎማቲክ ፓስፖርት የያዙትም በነጻ የማመልከት ዕድላቸው በዚያው ውሳኔ ቀረ፤ እኩልነት በዚህ በኩል ሳይታሰብ መጣ።

ማመልከቻውን የሚቀበለው የግል ድርጅት የአገልግሎት ክፍያ ደግሞ ከቪዛው ክፍያ ሌላ፣ ለብቻው ነው።