ስለ ሁለቱ የመደመር ምልክቶች የወጣ አዋጅ

አዲስ አበባን ሊጎበኙ የሚመጡ እንግዶች የት ሄደው ምን እንደሚያዩና ምን እንደሚበሉ መምከር ተገቢ ሆኖ በመገኘቱ፣ የሚከተለው ታውጇል። አንቀጽ 1፦ እንጦጦ ይወጣል፤ ብርድ ስላለ ጋቢ ይያዛል። አንቀጽ 2፦ መርካቶ ይገባል፤ ኪስ ይጠበቃል። አንቀጽ 3፦ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ድንቅነሽን ሳያዩ መመለስ ነውር ነው። ለሕዝብ የምትታየው ቅጂዋ ናት፤ እውነተኛው አጽም ተቆልፎበታል። እንግዳው ይህን ልብ ይበል፤ ለሚቀጥለው አንቀጽ ይጠቅመዋል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ምሳ። ሜኑ ላይ የሚነበበው ዋጋ ቅጂው ነው፤ እውነተኛው ካሸሩ ዘንድ ተቀምጧል። ከቁጥሩ ጎን ሁለት የመደመር ምልክቶች ከታዩ፣ አንዱ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ ሌላው 15 በመቶ ቫት መሆኑን ተመጋቢው ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ያውቃል ተብሎ ይገመታል። (ሀ) ቫቱ የሚሰላው ሰርቪስ ቻርጁ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ፣ በጭንቅላቱ 25 በመቶ ያሰላ እንግዳ ተሳስቷል፤ 800 ብር የተባለው ክትፎ መጀመሪያ 880፣ ቀጥሎ 1012 ብር ይሆናል። (ለ) ምልክቶቹ የሌሉበት ሜኑ ከዚህ ድንጋጌ ነፃ ነው፤ ሆኖም በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ጤፍ በሚያህል ፊደል፣ «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» የሚል ከተገኘ ነፃነቱ ተሽሯል። (ሐ) ገጹ ላይ ሽሮ ፈስሶበት ከሆነ እንደተነበበ ይቆጠራል። (መ) አስተናጋጅ ጠፍቶ ራሱ ተነስቶ ሚጥሚጣ ያመጣ እንግዳ፣ ራሱን ስላስተናገደ ከሰርቪስ ቻርጁ ነፃ አይሆንም።

«ግብር መክፈል ጠላችሁ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ግብሩን ማን ጠላው? ቫት በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል 15 በመቶ ነበር፤ ዛሬም 15 በመቶ ነው። ሥጋ ሲወደድ በማግስቱ የድሮው ዋጋ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፎ አዲሱን በእስክሪብቶ የሚጽፍ ቤት፣ ሃያ ዓመት ያልተነቃነቀን ቁጥር ደምሮ መጻፍ ያቅተዋል? አያቅተውም። 1012 ብሎ ከጻፈ እንግዳው ጎረቤት ይገባል፤ 800 ብሎ ከጻፈ ግን በልቶ ከጨረሰ በኋላ የት ይሄዳል? ይህ የሒሳብ አሠራር አይደለም፤ ማጥመድ ነው።

«ሰርቪስ ቻርጁ እኮ የአስተናጋጆቹ ነው» ይባል ይሆናል። ይሁና! የግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ባልተቆረጠለት አገር፣ 10 በመቶው አስተናጋጇ እጅ ቢገባ ማን ይከፋል? ታዲያ ደረሰኙ ገንዘቡ መሰብሰቡን እንጂ ለማን እንደደረሰ አይናገርም። ቀድሞውንም የእርሷ ደመወዝ ከሆነ ደግሞ፣ እንደ ቅቤውና እንደ ሥጋው ከ800ው ውስጥ መቆጠር ነበረበት። የማብሰያ ቻርጅ፣ የወንበር ቻርጅ ተብሎ ለብቻ ሲደመር አላየንም፤ (ይህን ያነበበ ባለቤት ሐሳቡን እንዳይወስደው አደራ)።

አንቀጽ 5፦ ስለ ጉርሻ። ለ1012ቱ ከተሰጠው 1100 ብር የተመለሰችው 88 ብር፣ ሒሳቡ በመጣበት ጥቁር ማኅደር ውስጥ ትተዋለች። አስተናጋጇ ዘንድ እንደምትደርስ እንግዳው በዓይኑ አይቶ የሚያረጋግጣት ገንዘብ እርሷ ብቻ ናት።