እማዬ፣ ተረከዜ ሰላም ብሎሻል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለእማዬ፤

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከቁርጭምጭሚት በላይ ደህና ነኝ። ከዚያ በታች ያለው ለብቻሽ የሚነበብ ነው። (ኩኩሻ፣ ጮክ ብለሽ እያነበብሽላት እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው እስኪወጣ እንኳ ጠብቂ።)

መጋዘን ውስጥ በቀን 10 ሰዓት ሲሚንቶ ላይ መቆም ተረከዜን አሳመፀው። ጠዋት የመጀመሪያዋ እርምጃ ሚስማር ናት። አንቺ በስልክ ያዘዝሽውን ቅቤ ቀብቼ መታጠቢያ ቤት ከተንሸራተትኩ በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋ ጅማት አለ አለችኝ። የጠፍር አልጋችንን አስቢው። ሌሊት ይኮማተራል፣ ጠዋት ስትረግጪው ድንገት ይወጠራል። ራጁ ላይ ተረከዜ ሥር የበቀለች አጥንት ታየች። ቀንድ አበቀልኩ ብዬ ስደነግጥ፣ ብዙ ሰው እሷን ይዞ ሳያመው ይኖራል አለች።

«ቤት ውስጥ በባዶ እግርህ ትሄዳለህ?»

እንደ ጋሼ ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ «አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር በባዶ እግሩ...» ስል፣ «ስንት ዓመቱ ነበር?» አለች። 28። የኔን ዕድሜ ከፋይሉ ላይ አየችና ዝም አለች። ቶኪዮ ላይ ጫማ ማድረጉን አልነገርኳትም።

ትእዛዟ፦ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ ከአልጋ ሳልወርድ እግሬን በጨርቅ ወደ ራሴ መሳብ፣ ከዚያ በረዶ የሆነ ጠርሙስ በውስጥ እግሬ ማንከባለል። ጨርቁ የላክሽልኝ ነጠላ ነው። ጠርሙሱ ጠበሉ የመጣበት ሃይላንድ ነው፤ አትደንግጪ፣ ጠበሉን ገልብጬዋለሁ።

ለሥራ የምነሳው ሌሊት 10 ሰዓት ነው፤ ወለሉ ደግሞ እንጨት። ቅርርር፣ ቅርርር። በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። የታችኛው ቤት ባልቴት መጥረጊያ እንደ ጦር ይዘው ቆመዋል። እኔ ጋቢ ለብሻለሁ፣ ነጠላ በእጄ፣ አንድ እግሬ ባዶ። ሃይላንዱ ከኋላዬ ተንከባሎ መጥቶ በራፉ ላይ ቆመ፤ የሳቸውን ፊት ለማየት ይመስላል። ድግምት ላይ ያገኙኝ መሰላቸው። «ሂል! ሂል!» ብዬ ተረከዜን ሳሳያቸው በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። ለካ ኮረብታ፣ ኮረብታ እያልኳቸው ነው።

በመጨረሻ ሲገባቸው መጥረጊያውን ጣሉና የራሳቸውን እግር አነሱ። «ሰባት ወር!» ገብተው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ያቺ ወንበር ላይ ከኔ ሌላ ሰው ተቀምጦ አያውቅም። ወንበሯም ስላልለመደች ሲጥ አለች። ቡናውን እስከ በረካ ጠጡልኝ፤ ሃይላንዱን ተራ በተራ አንከባለልን፤ ሥራ አረፈድኩ።

አሁን የራሳቸው ሃይላንድ አላቸው። ስለ ድምፁ የሚያማርር ካለ የሳቸው የታችኛው ጎረቤት ነው።

እኔም ግድግዳ ሳልይዝ ወጥ ቤት መድረስ ጀምሬያለሁ። አንቺስ? ቅዳሴ ቆመሽ በማግስቱ ከአልጋ ስትወርጂ «ወይኔ» እንደምትይ ተነግሮኛል። የነገረችኝን አልጠራም፤ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ያዘዘችኝ ናት፣ እሱን ትርሳው። በይ ሳትነሺ እግርሽን በነጠላ ሳቢ።

ደግሞ ሰው ሲመጣ አንድ ነጠላ ጨምሪ። ባልቴቷ የኔን ወስደውብኛል። ረጅም ስለሆኑ ሰፋ ያለውን።

ልጅሽ