ደግነት ሥራ ሲሆን

ሞዴስ ለመግዛት ሱቅ የምትገባ ሴት ወንዶቹ ገዢዎች እስኪወጡ ትጠብቃለች፤ ድምጿንም ዝቅ ታደርጋለች። ባለሱቁ ቶሎ ብሎ በጋዜጣ ይጠቀልልና ጥቁር ፌስታል ውስጥ ይከተዋል። እንዲህ ባለው ድብብቆሽ ያደግሁት እኔ፣ አንድ ሚያዝያ ላይ ትልቅ ካርቶን ሙሉ ሞዴስ ይዤ ወደ ሰሜን ሸዋ ተነሳሁ። ከባልደረቦቼ ጋር ከደመወዛችን አዋጥተን የገዛነው ነው። አክስቴ በምታስተምርበት የገጠር ትምህርት ቤት ልጃገረዶቹ የወር አበባቸው ሲመጣ ከክፍል እንደሚቀሩ ነግራን ነበር።

ካርቶኑ ፖርቶ መጋላ ላይ ተጫነ። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ዋጠው፤ የበልጉም ዝናብ ተከተለ። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተን ቁልቁለቱን እንደጀመርን ጎማ ፈነዳ። ተቀያሪው ጎማ ከጭነቱ ሥር ስለነበር ረዳቱ ዕቃ ማውረድ ያዘ። ዝናብ የጠጣው ካርቶን እጁ ላይ ተዘረገፈና ሞዴሱ አስፋልቱን ሞላው።

ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ አለ። ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ግን ነጠላቸውን አደግድገው ወረዱ።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ሞዴስ ነው እማማ። ለተማሪዎች ነው የማደርሰው።»

«እኛማ አሮጌ ቀሚስ ነበር የምንቀደው፤ እሱም ሲገኝ። ታዲያ ይኼ ምን ያሳፍራል? ልቀሙ እንጂ!»

ተለቀመ። ረዳቱ ባዶ ማዳበሪያ አመጣ፤ ሾፌሩ ደረቅ የቀረውን በጃኬቱ ጠቀለለ። ወደ ገደሉ ዞረው የነበሩትም አንድ በአንድ ጎንበስ አሉ።

ትምህርት ቤቱ ደርሼ ከጥፋት የተረፈውን ሳስረክብ ምርቃቱ ዘነበልኝ። ማታ አክስቴ ቡና እያፈላች «እግዜር ይስጥሽ፤ ይኼ ሲያልቅስ?» አለችኝ። ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ። መልሱን ያገኘሁት ከወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ሥራ ነው።

ወይዘሮ ፍሬወይኒ አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ኬሚካል ምህንድስና የተማሩ ናቸው። ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል የንጽህና መጠበቂያ ነድፈው የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ መቀሌ ላይ በልጃቸው ስም «ማርያም ሳባ» የተባለውን ፋብሪካ ከፈቱ። ምርቱ በአግባቡ ከተያዘ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል። አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ናቸው። ብዙውን ምርት በጎ አድራጎት ድርጅቶች ገዝተው ለተማሪዎች በነጻ ያድላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ መረጣቸው።

ልቤን የነካው ሽልማቱ ሳይሆን አሠራሩ ነው። ስጦታ ያልቃል። ገዢ ያለው ሥራ ግን በየወሩ ደመወዝ ይከፍላል፤ ጨርቅ ይገዛል፤ እንደገና ይሰፋል። ልጅቷ ከክፍል አትቀርም፤ የሰፋችላትም ሴት ልጆቿን ታሳድግበታለች።

እኛም መዋጮውን አላቋረጥንም። ለአክስቴ ትምህርት ቤት ከሚቀርበው ከተማ አንዲት ልብስ ሰፊ ፈልገን የሚታጠበውን ዓይነት እንድትሰፋ ተዋዋልን። «ለጽድቅ ነውና ቀንሺ» አላልናትም፤ የድካሟን ከፈልናት። አሁን አጋዥ ቀጥራለች።

ቢሆንም ንግዱ ብቻውን አይበቃም። የታጠበው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በደንብ መድረቅ አለበት። ልጅቷ አባቷንና ወንድሞቿን አፍራ ከአልጋ ሥር ከደበቀችው እርጥበቱ ለበሽታ ሊዳርጋት ይችላል። ወይዘሮ ፍሬወይኒ ወንዶቹም አብረው እንዲማሩ የሚጥሩት ያለ ምክንያት አይደለም። አክስቴም በወላጆች ስብሰባ ላይ አባቶችን ፊት ለፊት ትናገራለች።

ስለዚህ ገንዘብና ሙያ ያላችሁ፣ በየከተማችሁ ይህን ሥራ ጀምሩት፤ ትርፉም ይባረክላችሁ። እኛ ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ በየግቢያችን ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ለልጅቷ ቦታ እንልቀቅላት። ይህኛው ሳንቲም አያስወጣም፤ ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል።