ቡፌ ውስጥ የከረመ ወይን

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲጓዙ መንገድ ላይ ማንኩሳ አለች፤ ያችው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ማንኩሳ። የአጎቴ ቤት እዚያው ነው። ሳሎናቸው ውስጥ ባለመስታወት ቡፌ አለ፤ በውስጡ ስድስት ብርሌ፣ የልጃቸው የምረቃ ፎቶ፣ ከፎቶው ጎን ደግሞ ከውጭ የመጣ አንድ ጠርሙስ ነጭ ወይን። ልጁ የላከላቸው የተመረቀ ሰሞን ነው። ዛሬ ልጁ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል፤ ጠርሙሱ ግን ጠዋት ጠዋት በመስኮት የሚገባውን ፀሐይ እየሞቀ አለ።

«አያ፣ ይኼ ነገር አይቀመስም እንዴ?» ብላቸው፣ «ወይን ሲቆይ ነው እንጂ!» ብለው ገሠጹኝ።

ስለ ወይን አገሬው ሁሉ የሚያውቀው ይችን ነው፤ ሲቆይ ይጥማል። ለአንዳንድ ቀይ ወይን እውነት ነው። ቀለል ያለው ነጭ ግን ወጉ እንደ ሎሚ ትኩስነቱ ነው፤ በዓመት በሁለት ዓመቱ፣ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ አቀዝቅዘው ይገላገሉታል። ቀኑ ያለፈበትን ጠላ ከደጃፍ ሆነው በአፍንጫቸው የሚለዩት አጎቴ፣ የፈረንጅ ፊደል ያለበት ጠርሙስ ሲያዩ አፍንጫቸውን ማመን ይተዋሉ።

ባለፈው ፋሲካ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዳችን ለምኖ አስከፈታቸው። መክፈቻ ከየት ይምጣ? ቡሹን በማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ ገፋነውና በብርሌ ተቀዳ። የአጎቴ ባለቤት እትዬ ብርሌውን ወደ ብርሃን አንስተው «ነጭ አላላችሁኝም? ይኼማ ብጫ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። የወይን ቀለም ያለው ልጣጩ ላይ ነው፤ ጭማቂው ከልጣጩ ተለይቶ ብቻውን ሲፈላ ይኼን መልክ ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ «ወይን ጠጅ» ብሎ ስም ያወጣለት ሰው አጠገቡ ጠጅ ሳይኖር አልቀረም።

ዘመዳችን ብርሌውን በአንገቱ ይዞ ያሽከረክር ጀመር። የብርሌ አፍ አፍንጫ አያስገባም፤ ቢሆንም አሸተተ። ከዚያ ትንታኔው መጣ። ይኼ ሻርዶኔ የሚባለው የወይን ዘር አገሩ ፈረንሳይ፣ ቡርገንዲ ነው፤ ዛሬ እኛም ዘንድ ዝዋይ ይበቅላል፤ ካስቴል የሚባለው ወይን ጠማቂ ኩባንያ እዚያ ተክሎ በአውሮፓውያኑ 2014 የመጀመሪያውን ጠርሙስ አወጣ፤ ጉማሬና ጅብ እንዳይገቡበትም እርሻው ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል።

«ጅብ ደግሞ ወይን ይበላል?» አሉ እትዬ። እሳቸው የሚያውቁት ወይን ለቅዳሴ የሚገባውን ዘቢብ ነው።

የቡሬ በርበሬ የጠገበው ዶሮ ቀረበ።

«ይኼ ወይን እንኳ ከዶሮ ወጥ ጋር አይሄድም» አለ ዘመዳችን።

«ማነው የማይሄደው? ዶሮዬ ነው?» እትዬ ጭልፋውን እንደያዙ ቀሩ።

«ከዓሣ ጋር ነው የሚሄደው፣ እትዬ።»

«በፋሲካ ዓሣ! ሁለት ወር ጾሜ ዓሣ!»

ዘመዳችን ግን አልተሳሳተም። ጣፋጭነት የሌለው ኮምጣጣ ወይን በርበሬ ላይ ሲደረብ አፍ ያነድዳል፤ የማር ለዛ ያልለቀቀው ጠጅ ግን ቃጠሎውን ያበርደዋል። የጎጃም ጠጅ ጣይ ይኼን ማንም ሳይነግራት ስታደርገው ኖራለች። ለነጩ የጣና ዓሣ ጥብስ ወይም አልጫ ይሻለው ነበር፤ ኧረ እዚያው ትሪው ጥግ የተቀመጠው አይብም ይበቃው ነበር። ትዝ ያለው የለም። እኔም ብሆን አፌ ሙሉ ነበር።

አጎቴ ተጎነጩ። አንድ ዓይናቸው ተጨፈነ። ሆምጣጤ ሆኗል ለማለት ግን ማን ይድፈር? የልጅ ስጦታ ነው፣ በዚያ ላይ የፈረንጅ። ሁላችንም «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አልን። ዘመዳችንማ «የአረንጓዴ ፖም ቃና አለው» እስከማለት ደረሰ።

አጎቴ ብርሌውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። ቡሹ ጠርሙሱ ውስጥ እየዋኘ ስለነበር፣ ከጓሮ የበቆሎ ቆረቆንዳ አስመጥተው አፉን ወተፉት።

«ገና ነው፤ አልደረሰም» አሉና ወደ ቡፌው መለሱት።