ታች ቤት ግን

ደሴ ውስጥ ሞግዚት ትመርጣለች፤ ቤተሰብ ይመረጣል። ይህ ገና ያልገባው አባወራ ሸዋ በር አካባቢ ካለ ደላላ ዘንድ ይሄድና ደረቱን ነፍቶ «ጥሩ ልጅ ያዥ ፈልግልኝ» ይላል። ደላላው ቀና ሳይል ደብተሩን ይገልጣል። «አዳሪ ነው ተመላላሽ? ልጁ ስንት ወሩ ነው? ጡጦ ለምዷል? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ነው የምትመጣው? የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ? አማት አብረው ይኖራሉ?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ብዕሩ ቆም ይላል፤ አማት ያሉበት ቤት ዋጋው ሌላ ነው። እኔ እናቴ የምትመጣው ለጥየቃ ብቻ እንደሆነ ምዬ ተገዝቼ አስረዳሁት።

«ሲመጡ ስንት ጊዜ ይቆያሉ?» አለኝ፣ እየጻፈ።

ይህ ሁሉ የሞግዚት ፍለጋ ጥድፊያ ከአዋጅ ሒሳብ የመጣ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ሕፃን በሦስት ወሩ ገደማ አንገቱን ማቅናት ይጀምራል፤ ሕግ አውጪውም አንገቱን ያቀና ሰው ቤት መጠበቅ አያቅተውም ብሎ ሳይሆን አይቀርም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በበኩሉ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። እኔ ያየሁት አንድ ማቆያ በሩ ላይ ጽሑፉ በደንብ ተለጥፏል፤ ውስጡ ግን እስከ ጣሪያው የፋይል ካርቶን ነው። ካርቶኖቹ ጨዋ ናቸው፤ አያለቅሱም፣ ዳይፐርም አይጠይቁም።

የኛ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። እኔ የምሠራው ደሴ ነው፤ ባለቤቴ ኮምቦልቻ። መካከላችን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድና የሀረጎ ጠመዝማዛ አለ። እሷ ንጋት ላይ ጋቢ ደርባ ሚኒባስ ትሳፈርና ኮምቦልቻ ስትደርስ ሹራቧን ሳይቀር አውልቃ በክንዷ ይዛ ትወርዳለች። ይህ የአየር ለውጥ የሞግዚት ገበያውንም የሚወስን መሆኑን ያስተማረችን ከተንታ የመጣች አንዲት ልጅ ናት። ሻይ አቅርበንላት፣ ቤቱን አስጎብኝተናት፣ ደመወዝ ተስማምተን ካበቃን በኋላ፣

«ጋሼ፣ እዚህ ክረምት ላይ የሕፃን ልብስ በስንት ቀን ይደርቃል?» አለችኝ።

ምን ልበላት? የጦሳ ጉም ከሐምሌ እስከ ነሐሴ እቤታችን ድረስ እየገባ ይጠይቀናል። በእነዚያ ወራት የታጠበ የሕፃን ልብስ በደረቀ ጊዜ ለልጁ ይጠበዋል። ዝም ስል መልሱን ከዝምታዬ አገኘችው። ወደ ኮምቦልቻ ወረደች፤ እዚያ ጧት የተሰጣ ምሳ ሳይደርስ ይታጠፋል።

የኮምቦልቻ እናቶችም ቢሆኑ ደልቷቸው አይደለም። ከሐምሌ 2009 ጀምሮ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተፎካካሪያቸው ነው። የፓርኩ ደመወዝ ይነስም ይብዛ፣ ፈረቃው ሲያልቅ ያልቃል። ሸሚዝ ስትሰፋ የዋለች ልጅ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት «እስቲ ይቺን እጅጌ እሹሩሩ በያት» ተብላ አትቀሰቀስም። የቤት ሠራተኛዋና የፋብሪካዋ ልጅ እሁድ እሁድ ሲገናኙ የሚያወሩት ይህንኑ ነው፤ ሰኞ ጧት አንዲት የባንክ ሠራተኛ ሕፃኗን ታቅፋ ለአለቃዋ ስልክ ትደውላለች።

ከሁሉ የከበደው ባለጋራ ግን ዓረብ አገር ነው። ወሎ ውስጥ ጅዳ ወይም ቤይሩት ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ሳዑዲ በ2006 ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ባባረረች ጊዜ ከተመለሱት መካከል የኛ አገር ልጆች ጥቂት አልነበሩም። ከዓመታት በኋላ ከእነዚህ አንዷ እኛ ቤት ደረሰች። ጅዳ ባለ አራት ፎቅ ቤት ስታስተዳድር የኖረች ሴት ናት። ወጥ ቤታችንን ዞራ አየችና፣

«እትዬ፣ ምንጣፉን በምንድን ነው የምታጸዱት?» አለች።

«በመጥረጊያ።»

ባለቤቴን በሐዘኔታ ተመለከተቻት። «አብሽሪ» አለቻት።

እንዲህ ያለ ሙያ በቤታችን ታይቶ አይታወቅም። ልጃችን በሰዓቱ ይተኛል፣ በሰዓቱ ይነሣል፤ ጡጦ በቴርሞሜትር ሊለካ ምንም አልቀረው። አፉን ሲፈታም «ኸላስ» ብሎ ሳህኑን ገፋ። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት ልጁን ጠበል ልትወስደው ተነሥታ ነበር። ሴትዮዋ ግን በክረምቱ ማግስት ዱባይ ሄደች፤ ከደመወዟ ጋር የኛን ብንመዝን ሚዛኑ ራሱ ያፍራል።

እዚህ ላይ ሕጉን አንድ ነገር ልጠይቀው። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት አንዲት ልጅ ውጭ አገር ሄዳ የሰው ልጅ ልትይዝ 18 ዓመት የሞላት፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ሠልጥና የብቃት ማረጋገጫ የያዘች እንድትሆን ተደንግጎ ነበር። የኔን ልጅ ለመያዝ የመታወቂያ ኮፒና ዋስ ይበቃል። እዚህ የምትቀጠረዋንም ቢሆን የሚጠብቃት ብዙ የለም፤ ያ 90 ቀን የሰጠን አዋጅ 1156 የቤት ሠራተኛዋን ከውጭ ትቶ «የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣላታል» ብሎ አልፏታል። የሚቀራት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱ አሠሪው አብራው ለምትኖረው ሠራተኛ ማደሪያዋን፣ ምግቧን፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቷን በተመለከተ ጤናዋንና ሞራሏን እንዲጠብቅ ያዛል። ሳሎን ሶፋ ላይ የምታድር ልጅ ይህን አንቀጽ ብታነበው ትስቅ ነበር፤ ግን የምታነብበት ሰዓት ከየት ይምጣ።

ወሎ ለልጁ ጠባቂ ሲቸግረው የመጀመሪያው እንዳይመስላችሁ። አጤ ምኒልክ የልጅ ልጃቸውን፣ የወሎውን የራስ ሚካኤልን ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን በ1901 አልጋ ወራሽ ሲያደርጉ ራስ ተሰማ ናደውን ሞግዚት ሾሙላቸው። አገር የተስማማባቸው፣ ዋስ አምጡ የማይባሉ ሰው። እሳቸው በ1903 አረፉ። ምትክ አልመጣም፤ ወጣቱም ምትክ የሚሹ አልነበሩም። መስከረም 1909 ላይ ከሥልጣን ወረዱ። የታሪክ ሰዎች ለዚህ ብዙ ምክንያት ይደረድራሉ። ሞግዚት የሄደችበት አባት ግን ከ1903 ወዲያ ያለውን ገጽ መግለጥ አያስፈልገውም፤ ይገባዋል።

የኛን ችግር የፈታችው ባለቤቴ ናት። ደሴ ዳገት ስለሆነች ከቤታችን በታች፣ ጣሪያቸው ከበረንዳችን ትይዩ የሆነ ጎረቤቶች አሉን። ሚስቲቱ ነርስ ናት፤ የሌሊት ተራ አለባት። ባልየው ነጋዴ ነው፤ ሱቅ ተዘግቶ አያውቅም። ሴት ልጃቸው ከልጃችን እኩያ ናት። «አንድ በሬ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጅ የለ? ለምን አንዲት ሞግዚት ለሁለት አንቀጥርም?» አለች። ድንቅ መላ ነበር። መቀናጆ ገባን። በሬዎቹ እኛ መሆናችንን ያወቅነው ኋላ ነው።

ውሉን ቡና ላይ ተዋዋልን። አንድ ሳምንት ላይ ቤት፣ አንድ ሳምንት ታች ቤት፤ ደመወዝ እኩል በእኩል፤ የታመመ ልጅ ቤቱ ይቀራል። እስከ ቶና ድረስ ይህ ሁሉ አለቀ። በረካውን የፈጀው ሥጋ ነው። እነሱ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን ነን። ይህን የሰማ እንግዳ ስለ ወሎ መቻቻል ንግግር ማድረግ ያምረዋል፤ የኛ ጭንቀት ግን ድስት ነበር። በመጨረሻ ሥጋ ማታ ማታ በየቤቱ ይበላ፣ ምሳ ሽሮ፣ ምስርና ድንች ይሁን ተባለ። ስለዚህ ልጆቹ ከወተቱ በቀር ከመነኩሴ የማይተናነስ ምሳ ይበላሉ። ልጄ ማታ ማዕድ ሲቀርብ «ቢስሚላህ» ይላል፤ የእነሱ ልጅ ስታስነጥስ «በስመ አብ» ትላለች። ሁለቱም ቤት ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኗል።

በጋራ የቀጠርናት ሞግዚት የለጋምቦ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ትሑት፣ ዓይኗን ከመሬት የማታነሣ። አንድ ሰኞ ሻይ ስንሰጣት በለሆሳስ «ታች ቤት ግን በወተት ነው» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ወተት ገዛን። ታች ቤት ስትወርድ ደግሞ «ላይ ቤት ግን እሁድ አልሠራም» ብላለች። እሁድን ሰጧት። ታች ቤት ግን የምተኛው ወፍራም ፍራሽ ላይ ነው። ላይ ቤት ግን ማታ ቃና ይከፈትልኛል። ታች ቤት ግን ዋይፋይ አለ። በረመዳን ታች ቤት ሥራ ይቀልላታል፣ በሑዳዴ እኛ ቤት፤ ለዒድም ለገናም ልብስ ይገዛላታል። ሁለት ቤት የተካፈላት ልጅ የሁለት ዓመት በዓል በአንድ ዓመት ታከብራለች።

ከባልየው ጋር ቁልቁለቱ ላይ ተገናኝተን መከርን። ከእንግዲህ አንዱ ሳያውቅ ሌላው ምንም እንዳይጨምር ተጨባበጥን። በሳምንቱ የሞባይል ካርድ በድብቅ ሲሰጣት ደረስኩበት። ጫማውን እኔ ቀድሜ ገዝቼላት ስለነበር ምንም አልተነፈስኩም። ሒሳቡ ሲሠራ እያንዳንዳችን የምናወጣው ለብቻችን ብንቀጥር ከምናወጣው እምብዛም አያንስም። እውነቱን ለመናገር ዋጋዋ ድሮም ይኸው ነበር፤ ሁለት ቤት የሚያመሳክር ጠፍቶ እንጂ።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱንም ቤት ቡና ጠራችን። ራሷ ቆልታ፣ ራሷ አፍልታ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ። ከአቦሉ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ልትወርድ መሆኑን ነገረችን፤ ሦስት ቤት ተቀናጅቶ ይጠብቃታል። ባለቤቴ ሲኒዋን አስቀመጠች። ነርሷ «ያ ረቢ» አለች።

«አብሽሩ፤ እህቴ ከለጋምቦ ትመጣለች» አለችን። «ጎበዝ ናት፣ ከእኔ ትሻላለች። ደላላ ጋ ሄዳችሁ ብር አታባክኑ። ኮሚሽኑን ለእኔ ትሰጡኛላችሁ።»

ባልየው ነጋዴ ነውና ቶሎ አሰላ። «ግማሽ ግማሽ እንከፍላለን ማለት ነው?»

«ከየቤቱ ሙሉ» አለችና ቶናውን ቀዳች።