«መቼ ይፈታል?»

ጃፓኖች «ኮኬዳማ» የሚሉት ጥበብ፣ ስሙ ሲፈታ የሳረንስት ድብልብል ማለት ሲሆን፣ የተክሉ ሥር በጭቃ ተድቦልቡሎ፣ ጭቃው በእርጥብ ድንጋይና በጥላ ግንብ ላይ በሚበቅለው አረንጓዴ ሳረንስት ተሸፍኖ፣ በክር ታስሮ፣ ያለ ማሰሮ የሚኖርበት አተካከል ነው። ዛፍን አሳንሶ በማሳደግ ከሚታወቀው ከ«ቦንሳይ» ጋር ይዛመዳል።

ይህ ጥበብ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ወዳለችው ወላይታ ሶዶ ቢመጣ በቁሳቁስ አይቸገርም። ጃፓኖች «ኬቶ» የተባለውን ተጣባቂ ጥቁር አፈር 7 እጅ፣ «አካዳማ» የተባለውን ጠጠር መሰል አፈር 3 እጅ እየሰፈሩ የሚያቦኩትን ጭቃ፣ የወላይታ ቀይ አፈር «ዳርኳ» ከሚባለውና በእበትና በአመድ ከሚዳብረው የጓሮ መሬት አፈር ጋር ተለውሶ ሊተካው ይችላል፤ ክሩም ከእንሰት የሚፋቀው ቃጫ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው ድብልብሉ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ እንግዳ ሲገባ ነው፤ ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ በሚታሰርበት አገር፣ የታሰረ ነገር ሁሉ የሚፈታበት ቀን ስላለው፣ እንግዳው ቀና ብሎ «መቼ ይፈታል?» ቢል አይፈረድበትም። «አይፈታም፣ ለዓይን ነው» የሚለው መልስም ባለቤቱን ከጥበበኛነት ይልቅ በንፉግነት ያስጠረጥረዋል።

ከዚህ የሚብሰው፣ ባለቤቱ በአገር ፍቅር ተነሳስቶ የእንሰት ችግኝ በድብልብሉ ውስጥ የተከለ እንደ ሆነ ነው፤ ወላይትኛ «ኡታ» የሚለው ይህ ተክል ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ የሚመዘዝ በመሆኑ፣ ጣሪያው ካልተነሣለት ቃጫው ይበጠሳል። ለነገሩ እንሰት የራሱ ድብልብል አለው፦ አሚቾ የሚባለው የእንሰት ሥር እምብርቱ ወጥቶለት ሲቀበር ብዙ ችግኞች ያወጣል። የጃፓኑ ድብልብል ተሰቅሎ ዓይንን ሲመግብ፣ የወላይታው ተቀብሮ ቤተሰብን ይመግባል።

እንግዲህ ለጣሪያው ጥላ የሚወድ ፈርን ይበቃል፤ ድብልብሉ ሲቀል ውሃ ጠምቶታል ማለት ስለሆነ ለ10 ደቂቃ ያህል በባልዲ ውሃ ይነከራል፣ በበጋ ደግሞ ደጋግሞ ይነከራል። እንሰቱ ግን በዳርኳው ይቆይ፤ እንግዳው «መቼ ይፈታል?» ሲል የሚፈታለት ነገር የሚገኘው ከዚያ ነው።