ደብተርህ ተምሯል፤ አንተስ?

ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ዘጠነኛ ክፍል። ፎቶሲንተሲስን አስረድቼ እንደጨረስኩ ደብተር ለማየት በየዴስኩ ዞርኩ። አንዱ ተማሪ በእንግሊዝኛ ከጻፈው ገለጻ መሀል «ክሎዝ ዘ ዶር» የሚል ዐረፍተ ነገር አስገብቷል።

«ይሄ ምንድነው?»

«እርስዎ ያሉት ነዋ።»

«እኔ ‹በሩን ዝጉት› ነው ያልኩት፤ ያውም በአማርኛ።»

«ከዘጠነኛ ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ስለተባልን ተረጎምኩት።»

«ነፋስ ገብቶ እኮ ነው!»

«ቲቸር፣ የትኛው ለነፋስ፣ የትኛው ለፈተና እንደሆነ አልነገሩንማ።»

ምን ይመለሳል? ልጁ እውነቱን ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «ኖት ያዙ» ሲባል ኖሯል፤ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየው ግን የለም። ስለዚህ እንዳያመልጠው ሁሉንም ይይዛል። ሁሉንም መያዝ ደግሞ አይቻልም። ሰው ሲያስረዳ በደቂቃ ከ100 በላይ ቃላት ይወጡታል፤ በእጁ የሚጽፍ ከ20 እስከ 30 ቢደርስ ነው። ይህን ሳስረዳ ከመሀል አንዷ «እንግዲያው እርስዎ ቀስ ብለው ይናገሩ» አለች።

«ቀስ ካልኩ ፖርሽኑ አያልቅም።»

«አሁንስ አለቀ?»

እነዚህስ እንኳን እኔን አገኙ። ታላላቆቻቸው የፕላዝማ ልጆች ናቸው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት ወደ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ተማሪ እስኪገለብጥ የሚጠብቅ መምህር ስክሪኑ ላይ አልነበረም። ፕላዝማ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ማንም ሳይመልስ አመስግኖ ያልፋል። እጅ ብታወጣ አያይህም፤ ሽንት ቤት ብታስፈቅደው አይፈቅድም፣ አይከለክልም። የዚያን ጊዜ ደብተር ብትገልጥ ግማሹ ዐረፍተ ነገር ጅራት የለውም።

ወደ ኋላ ዴስክ ስደርስ አንዱ ስልኩን ደግኖ ጠበቀኝ።

«ቲቸር፣ አንዴ ዞር ይበሉልኝ፣ ሰሌዳውን ላንሳው። ማታ አየዋለሁ።»

«ባለፈው ወር ያነሳኸውን አየኸው?»

«ስልኩ ሞልቶብኝ አጠፋሁት።»

«እንግዲያው የተማረው ስልክህ ነው፤ ለሚድ እሱን ላከው።»

«ፈተና ላይ ስልክ የሚከለክሉት ለዚህ እኮ ነው፤ እንዳይበልጠን።»

ከአጠገቡ ያለችው ደግሞ ደብተሯን በቀለም አጥለቅልቃዋለች።

«ቢጫው ምንድነው?»

«ዋና ሐሳብ።»

«አረንጓዴውስ?»

«በጣም ዋና ሐሳብ።»

«ሮዙ?»

«ቢጫው ያለቀብኝ ቀን።»

እንዲህ ያለው ገልባጭነት የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሙለርና ኦፐንሃይመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በላፕቶፕ የሚጽፉትንና በእጅ የሚጽፉትን ተማሪዎች አወዳድረው ነበር። ላፕቶፕ የያዙት ብዙ ጻፉ፤ የአስተማሪውንም ቃል እንዳለ ገለበጡ። ሐሳቡን የሚፈትሽ ጥያቄ ሲመጣ ግን በእጅ የጻፉት በለጧቸው። በኋላ ሌሎች ሲደግሙት ልዩነቱ ያን ያህል ጎልቶ አልወጣም፤ ስለዚህ ላፕቶፕ ያለህ አትሽጠው። ብቻ በምንም ጻፍ በምን፣ ሲኖትራክም ገልባጭ ነው፤ የጫነውን ሳያውቅ አራግፎ ይመለሳል።

በማግስቱ ቾኬን ይዤ ሰሌዳው ላይ አንድ ገጽ ሣልኩላቸው። ዘዴው የኔ አይደለም፤ የአሜሪካው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ዋልተር ፓውክ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው የአጠናን መጽሐፍ ያስፋፋው ነው። የነሱ ወረቀት ሰፊ ስለሆነ በኛ ደብተር ልክ አጠበብኩት። ደብተራችን በግራ በኩል ቀይ መስመር አለው። ከእሱ ሦስት ጣት ወደ ውስጥ ገብተህ በእርሳስ ሌላ መስመር ታሰምራለህ። ከታች አምስት መስመር ትተዋለህ። ክፍል ውስጥ የምትጽፈው በስተቀኝ ባለው ሰፊ ቦታ ብቻ ነው፤ የተባለውን ሁሉ ሳይሆን የገባህን፣ በራስህ ቃል፣ ቢሻህ በአማርኛ። ግራውን በዚያው ቀን ማታ በጥያቄ ትሞላዋለህ፤ በቀኝ ያለው መልስ ከሆነ ጥያቄው ምን ነበር? ከታች ባለው ቦታ ገጹን በሁለት ዐረፍተ ነገር ትቋጨዋለህ። ከዚያ ቀኙን በእጅህ ሸፍነህ፣ የግራውን ጥያቄ ድምፅህን አውጥተህ ትመልሳለህ። ያቃተህን ብቻ ገልጠህ ታያለህ። ሳምንት ሳይሞላው ትደግመዋለህ።

ሰሌዳውን ሳልጨርስ ተቃውሞው ጎረፈ።

«ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ! ደብተር ስንት እንደገባ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። የኔን የነፋስ ወሬ ባትጽፉ ግማሹ ይተርፋችኋል።»

«ጥያቄ ማውጣት የእርስዎ ሥራ አይደል?»

«ነው። እኔ ሳወጣው ማርክ ያስከፍላል፤ አንተ ስታወጣው ነፃ ነው።»

«እኔ አራት ጊዜ ካነበብኩት ይገባኛል።»

ይኼኛው የብዙዎቹ እምነት ስለሆነ ቆም አልኩበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ አንድን ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጥተው ሞክረውታል። ገሚሶቹ ደግመው አነበቡት፤ ገሚሶቹ ወረቀቱን ትተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከራሳቸው ለማውጣት የታገሉት በለጡ።

«እንግዲያው ከፈተናው አምስት ደቂቃ በፊት ማንበብ ነዋ!»

ይህን ያለውን ልጅ ወደፊት ጠበቃ እንደሚሆን ጠርጥሬዋለሁ።

ምህጻረ ቃል ተጠቀሙ ስላቸው ደግሞ «አናውቅም» አሉኝ። እንዴት አታውቁም? ት/ቤት ተምራችሁ፣ ክ/ከተማ ውስጥ ኖራችሁ፣ ጽ/ቤት በር ላይ ተሰልፋችሁ! ሀገሩ በሙሉ በእዝባር ቆሞ፣ እናንተ ፎቶሲንተሲስን በአንድ ገጽ ላይ ዐሥር ጊዜ ከነፊደሉ ትጽፋላችሁ።

«ለምን የግድ በዚያው ማታ? ለፈተና ሰሞን አይደርስም?»

አይደርስም። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሞታል። ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች እየሸመደደ ምን ያህሉ እንደጠፋው ሲለካ፣ አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ሆኖ አገኘው።

«ትርጉም የሌለው ነገር ነው የሸመደደው?»

«አዎ።»

«እኛም እኮ እሱን ነው የምናደርገው፤ እሱ ግን ታዋቂ ሆነ።»

ሌላው ቀጠለ፤ «የድሮ ሰዎች ያለ ደብተር ተምረው የለም እንዴ?» ተምረዋል። የቆሎ ተማሪ የኔታ ያሉትን በጆሮው ተቀብሎ በቃሉ ይወጣዋል፤ ሲሳሳት ይታረማል፣ እንደገና ይወጣዋል። ማታም ሲከልስ ያመሻል።

«አንተስ ማታ ምን ትከልሳለህ?»

«ቲክቶክ።»

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የመጀመሪያው አቤቱታ መጣ። «ቲቸር፣ ድምፅ አውጥቼ ሳጠና እናቴ ጠበል ልትወስደኝ ነው። ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል ብላ ለጎረቤት ተናግራለች።»

«ድምፅህን ሳታወጣ ስታጠናስ ምን ትል ነበር?»

«ያኔማ ተኝቷል ብላ ብርድ ልብስ ታለብሰኛለች።»

የደብተር ተዋሾቹ ችግር ደግሞ ሌላ ሆነ። አንዱ የጎበዟን ደብተር ፎቶ ኮፒ አስነስቶ ቢያየው «ፎ፦ ብ + ው + ካ = ስ + ኦ» ይላል።

«ይሄ ኖት ነው የሐኪም ጽሑፍ?»

«ለራሴ ነው የጻፍኩት፤ አንተን ታካሚ ያደረገህ ማነው?»

«ብ ምንድነው?»

«ብርሃን።»

«ው ውሃ ነው። ካስ?»

«ካርቦን ዳይኦክሳይድ።»

«ስ?»

«እሱን እስቲ አንተ ንገረኝ።»

አሰበ፣ አሰበና «ስኳር?» አላት።

«በል፣ አጠናህ። የአስጠኚ ክፈል።»

የከበደኝ የተማሪው ምላስ አልነበረም። እረፍት ሰዓት ላይ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ስታፍ ክፍል ውስጥ ያዙኝ።

«አንተ፣ ልጆቹ የደብተሩን ግራ ባዶ እየተዉ ነው። ያበላሸሃቸው አንተ ነህ አሉ።»

«ማታ ነው የሚሞላው፣ ጋሼ።»

«እኔ ደብተር ከ10 የማርመው በቀን ነው።»

«ምኑን ነው የሚያርሙት?»

«መሙላቱን ነዋ!»

«የተጻፈውንስ ያነቡታል?»

«የስንቱን ልጅ ደብተር ላንብብ?»

«እነሱም አያነቡትም፤ ተስማምታችኋል ማለት ነው።»

ሳቁና ሻያቸውን ፉት አሉ፤ ማርኩን ግን አልተዉም። እሳቸውን ብቻ ምን እላለሁ? እኛ ለሙሉ ደብተር ማርክ እየሰጠን ልጁን «አትገልብጥ» ማለት አይሆንም። ልጁ ሒሳብ ያውቃል፤ ማርክ ወዳለበት ይሄዳል። እኔ ከዚያ ወዲህ ደብተር ሳርም ቀኙን አላይም። የማየው ግራውን፣ ጥያቄውን ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም «ፎቶሲንተሲስ ምንድነው?» ብቻ ይጽፉ ነበር። ቀስ በቀስ «ለምን» እና «ባይኖርስ» ብቅ ብቅ አሉ።

ባለፈው ሳምንት ቤተሰቦቿ ከጅማ የመጡት ልጅ ደብተር ላይ፣ በግራ በኩል፣ እንዲህ የሚል ጥያቄ አገኘሁ፦ «ብርሃን ምግብ ከሆነ፣ ቡና ጥላ ሥር እያደገ ለምን አይርበውም?» ቀኙ ባዶ ነው።

«መልሱስ?»

«እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው የተውኩት።»

ሰዓቴን አየሁ። ደወሉም ሊደወል ሦስት ደቂቃ ያህል ቀርቶታል። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ነገ አብራራዋለሁ» አልኳት።

«ማታ ሊያጠኑት ነው?»

«እ… ልከልሰው ነው።»

«ደብተሬን ላውስዎት? ግን ፎቶ ኮፒውን በራስዎ።»